ምንታምር ቤት አትቀመጥም

ተረት ተረት!

«የቤት መሠረት!» በሉኝ። ጮክ ብላችሁ ነው እንጂ። በሉ እሺ፣ ጀመርኩ።

እኔ ስንዱ እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ግን የምንታምር እናት ነው የሚሉኝ። ምንታምር ልጄ ናት፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በር።

ቤት አለኝ፤ ውሸት አልናገርም። ሰፈራችን ጠጠር ሜዳ ይባላል። ስምንት እናቶች በላስቲክ ቤት እንኖር ነበር። ክረምት ሲመጣ ላስቲኩን ነፋስ ይወስደዋል፣ እኛን ጎረቤት ያስገባናል። ሰፈርተኛው አንድ ቀን «እስከ መቼ?» አለና ተሰበሰበ። ገንዘብ ያለው ገንዘብ አዋጣ፤ የሌለው ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ድንጋይ፣ ጉልበት አዋጣ። ሥራ አጥተው ጥግ ይዘው የሚውሉት ወጣቶችም ግንበኝነትና አናጢነት እየተማሩ ቤቶቹን እንዲሠሩ ተወሰነ። እየተማሩ ይሠራሉ፣ እየሠሩ ይማራሉ። ቤቱም ይረክሳል፣ ልጆቹም ሙያ ይይዛሉ። ዕጣ ተጣለ፤ የመጀመሪያው ቤት ለእኔ ወጣ። እያለቀስኩ ነው የገባሁት።

ግድግዳ አለው፣ ቆርቆሮ አለው፣ መስኮት አለው። በሩም አለ። ግን ቤቱ ላይ አይደለም ያለው። ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እንደ እንግዳ። እንግዳ እንኳ ግባ ሲሉት ይገባል!

ከደጄ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ደግሞ መንገድ አለ። አሸዋ የጫነ ሲኖ ሽቅብ ቁልቁል ይልበታል። ምንታምር እግሯን ያወቀችው በዚህ ሰሞን ነው። ባልዲ ደረደርኩ፤ ወጣችበት። ጀሪካን አቆምኩ፤ ገፋችው። መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ኩኩሉ የምንጫወት መሰላትና በሥሩ ሾልካ ወጣች። እንቅልፌ ሄደ። ልብስ ሳጥብ ዞር፣ ሽንኩርት ስልጥ ዞር፣ አንገቴ ራሱ ሊወልቅ ነው። ዞር ስል ካጣኋት፣ እዚያው ነው የምሞተው።

ስለዚህ ዘሐራ ጋ ሄድኩ። ዘሐራ ከሠልጣኞቹ አንዷ ናት፤ አናጢነት ነው የምትማረው። እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ትሰካና ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች።

«ዘሐራ እህቴ፣ በሩን ግጠሚልኝ፤ ምንታምር ቤት ትቀመጥልኝ» አልኳት።

«ስንድዬ፣ እኔስ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ግን ውሃ ልክ የለኝም።»

ይህ ብቻ? በአንድ ሩጫ ቦኖ ወረድኩ፤ ጀሪካኔን ሞላሁ፤ ምንታምርን በጀርባዬ፣ ውሃውን በእጄ አድርጌ እያለከለክኩ መጣሁ።

«ይኸው፣ ልክ ሃያ ሊትር! አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።»

ዘሐራ ሣቋ ሲያፍናት መዶሻው ከእጇ ወደቀ። «አንቺ! ውሃ አላልኩሽም እኮ። ውሃ ልክ! ዱላ የሚመስል፣ መሐሉ ላይ መስታወት ያለው፣ መስታወቱ ውስጥ አረፋ የሚሄድበት። አረፋው መሐል ላይ ከቆመ በሩ ቀጥ ብሏል። ካልቆመ ጠማማ ነው። ጠማማ በር ደግሞ ሲፈልግ አይዘጋም፣ ሲፈልግ አይከፈትም። ይህ በር ፈተናዬ ነው፤ ካጣመምኩት የምስክር ወረቀቴን አላገኝም። ግድግዳውን በክር ገነቡት፤ በር ግን በክር አይገጠምም። ለሃያ ሠልጣኝ ያለን ውሃ ልክ አንድ ነበር።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«ተሸጠ። ጋሽ እንድሪስ ጋ ነው።»

ምን ይደረጋል። ውሃውን ለጭቃው ሰጠኋት። ዘሐራ በሩን አትገጥምም፣ ምንታምር ቤት አትቀመጥም።

ልጄን አዝዬ ጋሽ እንድሪስ ሻይ ቤት ሄድኩ።

ውሃ ልኩ እንዴት እንደተሸጠ ልንገራችሁ። የመዋጮው ዕለት ጨረታ ነበር። የእኛን ሰፈር ጨረታ ታውቁታላችሁ። አንድ አውራ ዶሮ ይወጣል። ያሸነፈው ሰው ይከፍልና «ለሰፈሩ መልሻለሁ!» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ዶሮው እንደገና ይሸጣል። ያ ዶሮ ያን ቀን ዘጠኝ ጊዜ ተሸጦ ቤቱ ገብቶ አደረ። ዘሐራ ደግሞ መድረኩን ስታስተካክል ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ትረሳዋለች። መድረክ መሪው ብድግ ያደርገዋል። «ይህ... ይህ... ምን እንደሆነ ባላውቅም የውጭ ዕቃ ነው!» ይላል በሞንታርቦ፣ በዚያ በትልቁ ድምፅ ማጉያ። ጋሽ እንድሪስና ባለወፍጮው እልህ ይጋባሉ። ጋሽ እንድሪስ ያሸንፋሉ፣ ይከፍላሉ፤ ከደስታቸው ብዛት «መልሻለሁ» ማለቱን ይረሱና ይዘውት ይሄዳሉ።

አሁን ከስኳር ጣሳው በላይ ሰቅለውታል። አረፋው ወደ ግራ ሸሽቷል። ሻይ ሊጠጣ የገባው ሁሉ አንጋጦ ያያል፤ «ጋሽ እንድሪስ፣ ሻይ ቤትዎ ዘሟል» ይላቸዋል።

«ጋሽ እንድሪስ» አልኩ፣ «ውሃ ልኩን ይመልሱ፤ ዘሐራ በሩን ትግጠም፣ ምንታምር ቤት ትቀመጥ።»

«ልጄ፣ ወላሂ አልሰሰትኩም» አሉኝ። «እንደውም ልመልሰው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን እንዴት አድርጌ? በአደባባይ የወሰድኩትን በጓሮ ልመልስ? ነገ 'እንድሪስ መክፈል አቅቶት መለሰ' ይሉኛል። አበጀ በሞንታርቦ ጠርቶ ሰጥቶኛል፤ አበጀ በሞንታርቦ ጠርቶ ይቀበለኝ።»

ለምንታምር አንድ ብስኩት ሰጧት። ለእኔ ምንም።

ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን አይመልሱም፣ ዘሐራ በሩን አትገጥምም፣ ምንታምር ቤት አትቀመጥም።

አበጀ ጋ ሄድኩ። አበጀ ማለት ያ መድረክ መሪ ነው። እሑድ እሑድ ሠርግ ይመራል፤ በሌላው ቀን ፀጉር ይቆርጣል። ስደርስ የአንዱን ሰውዬ ራስ ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶታል።

«ክብርት የምንታምር እናት! እንኳን ደህና መጡ!» አለኝ። አበጀ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሲያስነጥስ እንኳ ያስተዋውቃል።

«አቤ፣ በሞንታርቦ ተናገር፤ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን ይመልሱ፣ ዘሐራ በሩን ትግጠም፣ ምንታምር ቤት ትቀመጥ።»

«በምን ልናገር?» አለ፤ ምላጩ አየር ላይ ቀረ። «ሞንታርቦው የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።»

«በአፍህ ተናገራ!»

«በአፌ? እህቴ፣ እኔ በአፌ አበጀ ፀጉር ቆራጩ ነኝ። ማን ይሰማኛል? በሞንታርቦ ሲሆን ነው ሰው ዞር የሚለው። አምና በባዶ አፌ አንድ ሠርግ መርቼ ሙሽራውን 'ተቀመጥ' ብለው ዞር ብሎ እንኳ አየኝ መሰለሽ? ጋሽ ተሰማ ቁልፉን ያምጡ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ።»

«ወንድሜ» አለ ባለግማሽ ራሱ ሰውዬ፣ «እኔም ዝግጁ ነኝ። ጨርሰኝ።»

አበጀ በሞንታርቦ አይናገርም፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን አይመልሱም፣ ዘሐራ በሩን አትገጥምም፣ ምንታምር ቤት አትቀመጥም።

ጋሽ ተሰማ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ የእድሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። የትልቁ ድስት ክዳን ከጠፋ ወዲህ የእግዚአብሔርን ሰላምታ እንኳ ቀስ ብለው ነው የሚመልሱት።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱ፤ አበጀ በሞንታርቦ ይናገር፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን ይመልሱ፣ ዘሐራ በሩን ትግጠም፣ ምንታምር ቤት ትቀመጥ።»

«ደንብ አለ» አሉ። «የወጣው ሳይገባ ሌላ አይወጣም።»

«ምንድን ነው የወጣው?»

«ድንኳኑ ነዋ! ግንበኛው ጌጡ ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ ሲሚንቶ አልብሶበታል። አሥር ቀን ሆነው! ድንኳኑ የተገዛው ለለቅሶ ነው። ምንድን ነው አሁን፣ ሲሚንቶ ሞቶበት ነው የተተከለው? ዛሬ ሰው ቢሞት ለቀስተኛውን የት ላስቀምጥ ነው?»

«ኧረ ማንም አይሙት» አልኩ። ምንታምርን ጠበቅ አድርጌ አዘልኳት።

«ድንኳኑ ይምጣ፣ ሞንታርቦውን ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ» አሉ።

ጋሽ ተሰማ ዕቃ ቤቱን አይከፍቱም፣ አበጀ በሞንታርቦ አይናገርም፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን አይመልሱም፣ ዘሐራ በሩን አትገጥምም፣ ምንታምር ቤት አትቀመጥም።

መምህር ጌጡ ጋ ሄድኩ። ወጣቶቹን ግንበኝነት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። «ድንጋይ ፊት አለው፤ ፊቱን ፈልጉለት!» እያሉ ሲጮሁ ደረስኩ። ልጆቹ ድንጋዩን ያገላብጣሉ። አንዱ «መምህር፣ ይሄኛው ፊቱን አዙሯል» ይላል።

«መምህር፣ ድንኳኑን ይግለጡ፤ ጋሽ ተሰማ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱ፣ አበጀ በሞንታርቦ ይናገር፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን ይመልሱ፣ ዘሐራ በሩን ትግጠም፣ ምንታምር ቤት ትቀመጥ።» እስትንፋሴ አለቀ።

«ቀና በይ» አሉኝ።

ቀና አልኩ። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«ሲሚንቶ ውሃ ካገኘው ድንጋይ ነው» አሉ። «ይሄ ሲሚንቶ የሰባት ቤት ነው። የሰባቱ ጓደኞችሽ። ድንኳኑን ብገልጠው፣ ዛሬ ማታ ሰባቱም ቤት እዚሁ ተቆልሎ ይደርቃል።»

«እኔ ቤት ይግባ!»

«በር አለው?»

ልጆቹ ሣቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«እዚህ አካባቢ ደረቅና በር ያለው ጓዳ የእትዬ ስሜነሽ ብቻ ነው» አሉ መምህር ጌጡ። «ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ። ምክንያቱን አይናገሩም። 'የምታውቀው ታውቃለች' ብለው በሩን ዘጉብኝ። አንቺ ጎረቤት ነሽ፤ ምናልባት አንቺን ይሰሙሻል።»

መምህር ጌጡ ድንኳኑን አይገልጡም፣ ጋሽ ተሰማ ዕቃ ቤቱን አይከፍቱም፣ አበጀ በሞንታርቦ አይናገርም፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን አይመልሱም፣ ዘሐራ በሩን አትገጥምም፣ ምንታምር ቤት አትቀመጥም።

እትዬ ስሜነሽ ቤታቸው ከእኔ ቀጥሎ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰላም አልኳቸው፤ ሰላምታዬን እንደ ጠጠር ለቅመው ጣሉት።

«እትዬ፣ ጓዳዎትን ይልቀቁ፤ ሲሚንቶው ይግባ፣ መምህር ጌጡ ድንኳኑን ይግለጡ፣ ጋሽ ተሰማ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱ፣ አበጀ በሞንታርቦ ይናገር፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን ይመልሱ፣ ዘሐራ በሩን ትግጠም...»

«ምንታምር ቤት ትቀመጥ» ብለው ጨረሱልኝ። «ሰማሁ። ጓዳ አለኝ። ደረቅ ነው። በር አለው፣ ያውም ባለ ሁለት መቀርቀሪያ። አልሰጥም።»

ሁለት መቀርቀሪያ! አንዷን እንኳ... ተውት።

«ለምን እትዬ?»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «ስሜ ያልተጠራበት ነገር ውስጥ ጓዳዬ ምን ቤት ነው? ሦስት ጋሪ ድንጋይ ሰጠሁ። አጥሬን አፍርሼ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወንዝ እየለቀመ የካበውን አጥር። ያንቺ ቤት የቆመው በምን ላይ ይመስልሻል? እና ያ አበጀ የሰውን ሁለት ምስማር ሳይቀር በሞንታርቦ ሲጠራ ውሎ፣ እኔ ጋ ሲደርስ 'ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉ አንዲት ደግ እናት' አለ! ማን ናት የፈለገችው? ይኸው እዚያ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ 'ስሜነሽ አንዲት ጠጠር አልሰጠችም፣ ይልቅ አጥሯን ሸጣ በላች' እያለች በየቤቱ ትዞራለች።»

«ለነፍስ ነው ብለው አስበው ይሆናል...»

«ለነፍሴ የምሰጠውን እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ይህን የሰጠሁት ግን እንዲሰማ ነው! አፌን ሞልቼ 'ስሜ ይጠራ' ብያለሁ። ያልኩትም ለሌላ ሰው አይደለም።» ዓይኔን አዩኝ። «ለአንቺ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

እውነታቸውን ነው። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ካቻምና ነው። የመዋጮው ዕለት «መጻፍ ትችላለች» ብለው ወንበር ሰጡኝ፤ በሕይወቴ ያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ሰው እየመጣ የሰጠውን ይናገራል፣ እኔ በብጣሽ ወረቀት እጽፋለሁ። የእኛ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲሰጥ «ስሜ አይጠራ» ማለት ይወዳል። የመጀመሪያው ሰው፣ ስሜ አይጠራ። ሁለተኛው፣ ስሜ አይጠራ። ሠላሳ ሰው፣ ስሜ አይጠራ! እጄ ለመደው። እትዬ ስሜነሽ መጡና «ስሜ ይጠራ» አሉ። ጆሮዬ ሰማ። እጄ ግን «ስሜ አይጠራ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ምንታምር አለቀሰችና ይዣት ወጣሁ፤ ሲነበብ አልነበርኩም።

አንድ «አ»። ሁለት እግር ያላት ፊደል ናት፤ እንደ ልጄ፣ ሳይጠሯት ትገባለች።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ 'አ' ጨምሬ ነው።»

«አንድ 'አ'?»

«አንድ 'አ'።»

«አንዲት 'አ' ሦስት ጋሪ ድንጋይ ዋጠች?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ተነሺ፣ ልጅቷን ትጥያታለሽ። እስክትጠይቂኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ይቅር ብያለሁ። ግን ስሜ በሞንታርቦ ነው የጠፋው፣ በሞንታርቦ ይገኝ። አበጀ ይጥራኝ። የዚያን ጊዜ ጓዳዬን እለቃለሁ።»

እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ። አበጀ እንዲጠራ ሞንታርቦ ይውጣ። ሞንታርቦ እንዲወጣ ዕቃ ቤት ይከፈት። ዕቃ ቤት እንዲከፈት ድንኳን ይገለጥ። ድንኳን እንዲገለጥ ጓዳ ይለቀቅ። ጓዳ እንዲለቀቅ ስም ይጠራ። ስም እንዲጠራ አበጀ...

ዞረ። እኔም ራሴን አዞረኝ። ምንታምርን ከጀርባዬ አውርጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በነጠላዬ ዓይኔን ያዝኩ። ለአንድ አፍታ ነው፤ አንዴ «አቤት ጌታዬ» ለማለት ያህል።

ዓይኔን ገለጥኩ። ልጄ የለችም።

መንገዱን አየሁ። ብስኩቷን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘች፣ ወደ መንገዱ ትሄዳለች። ከላይ አሸዋ የጫነ ሲኖ ይወርዳል። እግሬ ተነሣ፤ ግን እንደማልደርስ አወቅኩ።

«ምን — ታ — ምር!»

እኔ ጮሄ አላውቅም። ሱቅ ሄጄ ጨው ስል ባለሱቁ ሁለቴ «ምን አልሽ?» ይለኛል። ይህ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፍየሎቹ ማኘክ አቆሙ። የሠልጣኞቹ የግንበኛ ማንኪያ ከነሲሚንቶው አየር ላይ ቀረ። የአበጀ ምላጭ ቆመ። ጋሽ ተሰማ ቁልፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲኖው ፍሬን ይዞ ጢስ አወጣ። ምንታምር ደንግጣ በቂጧ ዱብ አለች፤ ከአስፋልቱ ሦስት እርምጃ ሲቀራት።

እንዴት እንደደረስኩ አትጠይቁኝ። ደረቴ ላይ አጣብቄያት ነው ራሴን ያገኘሁት። ብስኩቷን አልጣለችም።

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እናት» አለ፤ ከንፈሩ ነጥቷል፣ «ጥሩምባ ነው እንዴ የዋጥሽው?»

እትዬ ስሜነሽ ምስራቸውን ደፍተው ሮጠው ደረሱ። ልጄን አገላብጠው አዩ፣ እኔን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ወገባቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ! ይህ ድምፅ እያለሽ ሞንታርቦ ምን ያደርግልሻል?»

ዞር አልኩ። ጠጠር ሜዳ በሙሉ ወጥቷል። ከቤቱ፣ ከወፍጮው፣ ከሻይ ቤቱ። ባለግማሽ ራሱ ሰውዬ እንኳ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ቆሟል።

«በይ» አሉኝ እትዬ ስሜነሽ፣ ቀስ ብለው። «ሳይበታተኑ ጥሪኝ።»

ልጄን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ አፌን ከፈትኩ።

«የጠጠር ሜዳ ሰዎች ስሙ! እትዬ ስሜነሽ አያልነህ ሦስት ጋሪ ድንጋይ ሰጥተዋል! አጥራቸውን አፍርሰው ነው የሰጡት! 'ስሜ ይጠራ' ብለው ነበር፤ 'አይጠራ' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ! የእኔ ቤት የቆመው በእሳቸው ድንጋይ ላይ ነው! ስሜነሽ አያልነህ! ስሜነሽ አያልነህ!»

ከማዶው አጥር ጀርባ አንድ ድምፅ «እንዴ! ሦስት?» አለ።

«ሦስት!» አሉ እትዬ ስሜነሽ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «ያውም በትልቁ ጋሪ!»

እልልታው ቀለጠ። ያቺ የማዶዋ ጎረቤት ናት የጀመረችው፤ ሌላ ምን ታድርግ።

ከዚህ በኋላማ ምን ልበላችሁ፤ እንደ ተፈታ ነዶ ነው የተበተነው። እትዬ ስሜነሽ ሁለቱን መቀርቀሪያ ሳቡ፣ ጓዳቸውን ለቀቁ። ሃያ ሠልጣኝ ተሰለፈ፣ ሲሚንቶው በትከሻ ገባ። የመጨረሻው ከረጢት ሲገባ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። መምህር ጌጡ ድንኳኑን ገለጡ። ጋሽ ተሰማ ድንኳኑን ቀዳዳ እንዳለው አገላብጠው አይተው፣ ሁለቴ አይተው፣ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ሞንታርቦው ወጣ። አበጀ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራትና ክቡራን! የተከበሩ ጋሽ እንድሪስ፣ በአደባባይ ያሸነፉትን፣ ከፍለው የወሰዱትን፣ ዛሬ በአደባባይ...»

«ለሰፈሩ መልሻለሁ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ውሃ ልኩን እንደ ጎራዴ ከፍ አደረጉት። ጭብጨባ ሆነ። አበጀ ተቀበላቸው። እጁ ላይ ሲያየው ግን ልማዱ አሸነፈው።

«ይህ የውጭ ዕቃ! ማን ጀመረ?»

«እንዳትሸጠው!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ።

ዘሐራ ከእጁ መነጨቀችው። በዝናብ ሮጠች፣ እኔም ልጄን ይዤ ተከተልኳት። መቃኑ ላይ አስደገፈችው። አረፋው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ተጠራጠረ፣ መሐል ላይ ቆመ። ዘሐራ ትንፋሿን ዋጠች። መምህር ጌጡ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩ፣ በሌላው ዓይናቸው አዩ። በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ዘጉት።

«አልፈሻል» አሉ።

ዘሐራ እዚያው ጭቃው ላይ ዘለለች። እርሳሷ ከሻሿ ውስጥ ወደቀ።

እትዬ ስሜነሽ ጓዳቸውን ለቀቁ፣ መምህር ጌጡ ድንኳኑን ገለጡ፣ ጋሽ ተሰማ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ አበጀ በሞንታርቦ ተናገረ፣ ጋሽ እንድሪስ ውሃ ልኩን መለሱ፣ ዘሐራ በሩን ገጠመች።

ሁሉም ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሩን ዘጋሁ፤ ቀጥ ብሎ ተዘጋ። መንገዱ ውጭ ቀረ። ምንታምር መጣችና በመዳፏ ገፋችው። አልሄደም። ደግማ ገፋችው። አልሄደም። ከዚያ አንኳኳች፤ ከውስጥ።

«ማን ነው?» አልኩ።

ሣቀች። ብስኩቷን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ምንታምር ቤት ተቀመጠች።

ተረቴን መልሱ፣ በራችሁን ዝጉና ተንፍሱ።